ሞንቴሶሪ የታፔላ ስም ከመሆኑ በፊት፦ አይማሩም የተባሉ ልጆችን ያስተማረችው ሐኪም

አዲስ አበባ ውስጥ ሞንቴሶሪ የሚል ታፔላ የሰቀለ መዋዕለ ሕፃናት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ቃሉ ለጆሯችን አዲስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ከወርሃዊ ክፍያ ጋር ነው። ሞንቴሶሪ የሰው ስም ነው፣ ያውም የአንዲት ጣሊያናዊት ሐኪም የቤተሰብ ስም ነው ስንል የሚገረም ወላጅ ብዙ ነው። የበለጠ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ይቺ ሐኪም ዘዴዋን የጀመረችው አቅም ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች አልነበረም። ሮም ውስጥ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው በነበሩ፣ እነዚህማ አይማሩም ተብሎ ተስፋ በተቆረጠባቸው ልጆች ነው።

ታሪኳን ዛሬ ያነሳነው በምክንያት ነው። ካርድ በተሰጠ ቁጥር ከወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል። ልጁ ሲያወራ ጎበዝ ነው፣ ተረት ሲነገረው ሳይሳሳት መልሶ ይናገራል፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈቶ ይገጥማል። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋበታል። ትናንት ያነበበውን ቃል ዛሬ አያውቀውም። ትምህርት ቤቱ ሰነፍ ነው ይላል፣ አባት ይቆጣል፣ እናት መሃል ላይ ሆና ታለቅሳለች። ልጁ ደሞ ሆዴን አመመኝ እያለ ከትምህርት ቤት መቅረት ይጀምራል። ዲስሌክሲያ ወይም ሌላ የመማር ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ የሚታየው ይኸው ነው። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ልጁ ምን እንዳለበት ልንነግራችሁ አንችልም። የዚችን ሴት ሕይወት ግን ልንነግራችሁ እንችላለን። (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ሞንቴሶሪ የተወለደችው ኦገስት 31 ቀን 1870 ጣሊያን ውስጥ አንኮና አጠገብ ባለች ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ አሌሳንድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቷ ሬኒልዴ ደሞ በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ በሆነ መጠን መጽሐፍ የምታነብ ሴት ነበረች። ማሪያ ገና ሕፃን ሳለች በአባቷ ሥራ ምክንያት ቤተሰቡ ወደ ሮም ተዛወረ። እናት የሚያውቁ ሰዎች ልጅቷ አስተማሪ እንድትሆን ጠበቁ፤ እሷ ግን 13 ዓመት ሲሆናት የወንዶች ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች። መሐንዲስ ልትሆን ነበር። በኋላ ሐሳቧን ቀየረችና ሕክምና አለች።

አባቷ አልተስማማም፤ እናቷ ግን ከጎኗ ቆመች። ማሪያ ሮም ዩኒቨርሲቲ ገብታ መጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረች፣ ከዚያ ወደ ሕክምናው አለፈች። ከወንዶች ጋር ሆና የሰው አስከሬን ማየት ነውር ስለነበር፣ የአስከሬን ትምህርቷን የምትሠራው ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ማታ ማታ ብቻዋን ነበር። ሽታውን ለመቋቋም ትምባሆ ታጨስ እንደነበር ይነገራል። በ1896 ክረምት ተመረቀች። ብዙ ቦታ የጣሊያን የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ተብሎ ይጻፋል፤ ይሄ ልክ አይደለም፣ ከእሷ በፊት ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ማለት ይበቃል።

1896 እዚህ አገር ማንም የሚረሳው ዓመት አይደለም፤ የዓድዋ ዓመት ነው። ማሪያ ዲግሪዋን የተቀበለችው አገሯ ዓድዋ ላይ ከተሸነፈች ጥቂት ወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ እንግሊዝ አገር ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል ሐኪም በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ብሩህ ነው፣ ሒሳብ ይችላል፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ለዓመታት ቢማርም ግን ማንበብ አልቻለም። አስተማሪው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይሆን ነበር ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው ነገር በልጆች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ከተገለጸባቸው ጽሑፎች አንዱ ይሄ ነው። ሞርጋንና ማሪያ አይተዋወቁም። ሁለቱም ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ በር ላይ ቆመው ነበር ማለት ይቻላል።

ማሪያ ከተመረቀች በኋላ ሮም ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ረዳት ሆነች። ከሥራዋ አንዱ የአእምሮ ሕሙማን ወደሚኖሩበት ግቢ እየሄደች ለክፍሉ የሚሆኑ ታካሚዎችን መምረጥ ነበር። እዚያ ልጆች አገኘች። ከአዋቂ ሕሙማን ጋር አንድ ግቢ ውስጥ የተዘጋባቸው ልጆች ናቸው። አንዱ መስማት አይችልም፣ አንዱ የሚጥል በሽታ አለበት፣ አንዱ ለመናገር ዘግይቷል፣ አንዱ ደሞ ምን እንዳለበት ማንም አልጠየቀም። ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ያን ስም እዚህ መጻፍ አንፈልግም። ከመሃላቸው ዛሬ ዲስሌክሲያ የምንለው ያለበት ልጅ ይኑር አይኑር ማረጋገጥ አይቻልም። በዚያ ዘመን የሚለያቸው አልነበረም።

አንድ ቀን የሚጠብቋቸው ሴት ልጆቹን በንቀት አሳየቻት። ምግብ በልተው ሲጨርሱ መሬት ላይ ተንበርክከው የዳቦ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ለጠባቂዋ ይሄ ሆዳምነት ነው። ማሪያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ባዶ ነው። መጫወቻ የለም፣ የሚነካ የለም፣ የሚያዝ የለም። ከፍርፋሪው በቀር በጣታቸው የሚይዙት አንድም ነገር አልነበራቸውም። የራባቸው እጃቸው ነው ብላ ደመደመች። ከዚያ በኋላ የሠራችው ሁሉ ከዚህች ቅጽበት ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሁለቱ ሴቶች ዓይን ያየው አንድ ነገር ነው፤ አንዷ የልጁን ጥፋት አየች፣ ሌላዋ የክፍሉን ባዶነት።

ማሪያ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ገባች። ያገኘቻቸው ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። አንዱ ጫካ ውስጥ ብቻውን ያደገ ልጅን ለማስተማር ዓመታት የደከመው ሐኪም ኢታር ነው። ሁለተኛው ተማሪው ሴጋን ነው፤ እሱ በዝግመት ለሚማሩ ልጆች የሚዳሰስ፣ የሚገጣጠም፣ የሚመዘን የመማሪያ ዕቃ የሠራ ሰው ነው። መጽሐፎቻቸው በአገሯ ተረስተው ነበር። እሷ ግን ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጇ ገለበጠቻቸው። እያንዳንዱን ቃል ለመመዘን ጊዜ እንዲኖራት ፈልጋ ነው። የሴጋን መጽሐፍ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ነው።

በ1898 ቶሪኖ ላይ በተካሄደ የመምህራን ጉባኤ ተነስታ ተናገረች። የነዚህ ልጆች ጉዳይ ከመድኃኒት ይበልጥ የትምህርት ጉዳይ ነው አለች። በሐኪም አፍ ሲነገር ይሄ ከባድ ነገር ነበር። በ1900 ሮም ውስጥ ለነዚህ ልጆች አስተማሪዎች የሚሠለጥኑበት፣ ልጆቹም የሚማሩበት ተቋም ተከፈተ። ማሪያ ከአንድ ሐኪም ጋር አብራ መራችው። ከጠዋት እስከ ማታ ራሷ ታስተምራለች፣ ሌሊት ማስታወሻ ትጽፋለች። በኋላ ላይ ከዲግሪዬ ሁሉ እውነተኛው ያ ነበር የሚል ስሜት ነበራት።

ከልጆቹ አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ቻሉ። ማሪያ እነሱን የሕዝብ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር አስቀመጠቻቸው፤ አለፉ። ከተማው ተገረመ፣ ጋዜጣው ተአምር አለ። እሷ ግን በሌላ ነገር ነበር የተገረመችው። የኔ ልጆች ይህን ሁሉ ችግር ተሸክመው ጤነኞቹ ላይ ከደረሱ፣ ጤነኞቹን ምን ያዛቸው? ስለ ተአምሩ የሚያወራ ብዙ ነበር፣ ይህን የጠየቀ ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

እስካሁን የነገርናችሁ በየመጽሐፉ ያለ ነው። ከታፔላው ጀርባ ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ እኛን የነካንም እሱ ነው።

አብሯት ተቋሙን የሚመራው ሐኪም ጁዜፔ ሞንቴሳኖ ይባላል። ተዋደዱ፣ ማርች 31 ቀን 1898 ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ማሪዮ ተባለ። አልተጋቡም። በዚያ ዘመን ሳታገባ የወለደች ሴት ሐኪም ሥራዋም ስሟም ያበቃለታል። አግብታ እንዳትሠራ ደሞ ያገባች ሴት ቤቷ ነው የምትቀመጠው። ስለዚህ ልጁ በምስጢር ተወልዶ ከሮም ወጣ ባለ ገጠር ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ። እናቱ እየሄደች ታየዋለች፣ እናቱ መሆኗን ግን አይነገረውም። በ1901 ሞንቴሳኖ ሌላ ሴት አገባ። ማሪያም ያንን ሁሉ የለፋችበትን ተቋም ትታ ወጣች።

የሌሎችን ልጆች ፊደል ስታስቆጥር የራሷ ልጅ ሰው ቤት ነበር። የተለያዩ ጸሐፊዎች ስለዚህ ጉዳይ ይፈርዱባታል ወይም ይከላከሉላታል። እኛ ሁለቱንም አናደርግም። የልጅን ነገር ከሰው ዓይን መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ብዙ እናቶች እዚህ አገርም አሉ፤ ልጃቸው እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባባቸው እናቶች። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ስላለበት ልጃቸው በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ እንደዚያ ያስደነገጠው ለዚህ ነው። እሳቸው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው ለብዙ ቤተሰብ በር ከፈቱ፤ ማሪያ ግን በዘመኗ ያንን ማድረግ አልቻለችም።

ከተቋሙ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ተማሪ ሆነች። ዓመታት አለፉ። ሳን ሎሬንዞ በሚባል የሮም የድሆች ሰፈር አንድ የቤት ሥራ ድርጅት አሮጌ ሕንፃዎችን ጠግኖ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራየ። ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቹ ደረጃውን ይሰባብራሉ፣ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ያበላሻሉ። የድርጅቱ ኃላፊ ሂሳቡን ሠራና ልጆቹን አንድ ክፍል ሰብስቦ ማስጠበቅ ይሻላል አለ። ኃላፊነቱን ለማሪያ ሰጣት። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 የልጆች ቤት ተከፈተ። ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች፣ አብዛኞቹ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት፣ የሚያለቅሱና የሚፈሩ ናቸው። የምትጠብቃቸውም የሠለጠነች መምህርት አልነበረችም።

ግድግዳው ላይ ለወላጆች የተለጠፈ ደንብ ነበር። ክፍያ የለም። ግን ልጁ ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይምጣ፤ ወላጅ መምህሯን ያክብር፤ እናት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ልጇ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለመምህሯ ትንገር፣ መምህሯም ያየችውን ትንገራት። ልብ በሉ፣ እናቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ማሪያ ግን ልጁን ከማንም በላይ የምታውቀው እናቱ ናት ብላ ነው ያስገደደችው። ዛሬ እኛ ጋ የወላጅና የመምህር ግንኙነት ብዙ ጊዜ ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ላይ ፊርማ ነው፤ ወይም ልጅ ሲያጠፋ የሚደወል ስልክ። የመማር ችግር ያለበት ልጅ ደግሞ የሚገኘው እንደዚህ ዓይነት ወሬ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ዘፈን በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ የአራት ነገር መልእክት ግን ሁለቱን ይረሳል፤ ግራና ቀኝ ይምታታበታል፤ አጎቱም በልጅነቱ እንደዚያው ነበር። ዲስሌክሲያ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚተላለፍ ስለሆነ የአጎትየው ነገር ተራ ወሬ አይደለም። ይህን መምህር ከየት ያመጣዋል?

መጀመሪያ ላይ ማሪያ ፊደል የማስተማር ሐሳብ አልነበራትም፤ ትንንሽ ናቸው ብላ ነው። እናቶቹ ናቸው መጥተው የለመኗት። እኛ አልተማርንም፣ ለልጆቻችን አስተምሪልን አሉ። እሷም ድሮ ለነዚያ ልጆች ያሠራችው ዓይነት የእንጨት ፊደል ልታሠራ ስትል ዋጋው አልተቻለም። ከረዳቷ ጋር ሆና ከሸካራ ወረቀት ፊደል ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጠፈች። የእኛ አናጢዎች ብርጭቆ ወረቀት የሚሉት ነው፤ ጣሊያኖችም የመስታወት ወረቀት ነው የሚሉት። ችግር የወለደው ነገር ከእንጨቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ጣቱን ሲያሳልፍበት ከመስመሩ ሲወጣ ልስላሴው ወዲያው ይነግረዋል። ተሳሳትክ የሚለው ሰው አያስፈልግም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ልጁ በሁለት ጣቱ ፊደሉን በሚጻፍበት አቅጣጫ እየዳሰሰ ድምፁን ይናገራል። ያያል፣ ይነካል፣ ይሰማል፣ ሦስቱ ባንድ ጊዜ። ከሴጋን የወሰደችው ባለ ሦስት ደረጃ አቀራረብም አለ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ሁለት ፊደል ብቻ አቅርባ ስማቸውን ትነግረዋለች። ቀጥሎ አንዱን ጠርታ የቱ እንደሆነ እንዲያሳያት ትጠይቀዋለች። መጨረሻ ላይ እያሳየችው ይሄ ምንድን ነው ትላለች። የብዙዎቻችን ችግር የመጨረሻውን ጥያቄ መጀመሪያ መጠየቃችን ነው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ልጁ ከተሳሳተስ? ማሪያ አታርመው ነው የምትለው። ፈገግ ብለህ ተወው፣ ነገ እንደ አዲስ ጀምር። ዛሬ ልጁ ዝግጁ አይደለም፣ ያ ጥፋት አይደለም።

በእኛ ፊደል ብናስበው ይሄ ነገር ይበልጥ ትርጉም አለው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ በአንዲት ጭረት ነው የሚለያዩት። ጤነኛ ዓይን ያለው ልጅም ይምታታበታል። ገበታ ላይ ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚወርድ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ለይቷል ማለት አይደለም፤ ዜማውን ይዞት ሊሆን ይችላል። አንድ ፊደል ከመሃል ሲጠቆም ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ ካልመጣ የማይደርስበት ልጅ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እንደዚህ ዓይነቱን ልጅ ቁጣ አይረዳውም። ትሪ ላይ የተነጠፈ አሸዋ ወይም ጥሬ ዱቄት፣ ሁለት ፊደል ብቻ፣ አሥር ደቂቃ፣ ድምፁን እየተናገረ በጣቱ መጻፍ፤ ከዚያ ማቆም። የሚመሳሰሉትን ፊደሎች ባንድ ቀን አለማቅረብ። ብርጭቆ ወረቀት ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፣ ውድ አይደለም።

ሳን ሎሬንዞ እንመለስ። አንድ የታኅሣሥ ቀን ፀሐይ ወጥቶ ልጆቹ ሰገነት ላይ ይጫወታሉ። ማሪያ አምስት ዓመት የሚሆነውን አንድ ልጅ ጠመኔ ሰጥታ የጭስ ማውጫውን እንዲሥልላት ጠየቀችው። ወለሉ ላይ ሣለላት፤ አመሰገነችው። ልጁ ቀና ብሎ አያት፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ መጻፍ እችላለሁ ብሎ ጮኸ። ተንበርክኮ እጅ ብሎ ጻፈ፣ ቀጥሎ የጭስ ማውጫ፣ ቀጥሎ ጣሪያ። ሌሎቹ ከበው አዩት፣ እነሱም ጠመኔ ጠየቁ፣ እነሱም ጻፉ። አንዳቸውም ከዚያ በፊት እስክሪብቶ ይዘው ቃል ጽፈው አያውቁም ነበር። ጣታቸው ግን ለሳምንታት መንገዱን ሲመላለስበት ከርሟል። በቀጣዮቹ ቀናት ወለል አልቀረ፣ በር አልቀረ፣ ሁሉ ተጻፈበት። እናቶች ቤታቸውን ለማዳን ወረቀትና እርሳስ ገዙ። የዳቦ ቅርፊት ላይ የጻፈም ነበር።

ማንበብ የመጣው ከመጻፍ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ተገላቢጦሽ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ወላጆችን ላለማሳሳት አንድ ነገር እንበል። የብርጭቆ ወረቀት ፊደል ለዲስሌክሲያ መድኃኒት አይደለም፣ ማሪያም በዚህ ስም የሠራችው ነገር የለም። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሳሙኤል ኦርተን የሚባል ሐኪም ማንበብ ያቃታቸውን ብልህ ልጆች ማጥናት ጀመረ፤ አና ጊሊንግሃም የምትባል መምህርት ደሞ አብራው ሆና የማስተማሪያ መንገድ አዘጋጀች። በሁለቱ ስም የሚጠራው ዘዴ ማየትን፣ መስማትንና በእጅ መከተልን ባንድ ላይ ያደርጋል። ዋናው ግን ድምፅንና ፊደልን በግልጽ፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ደጋግሞ ማገናኘቱ ነው። መዳሰሱ ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁን ከማስጠናት በፊትም ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር ይቀድማል። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ዓመት ሲያልፈው እናውቃለን።

ከ1907 በኋላ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፈው። በ1909 መጽሐፏ ወጣ፣ በ1912 በእንግሊዝኛ ታተመ። በ1913 አሜሪካ ስትሄድ እንደ ንግሥት ነው የተቀበሏት፤ የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከነባለቤቱ ደጋፊዋ ነበር። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ኤግዚቢሽን ላይ ባለ መስታወት ግድግዳ ክፍል ተሠርቶ ሕዝቡ ልጆቹ ሲማሩ ቆሞ አየ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ዝናዋ ቶሎ በረደ።

በ1912 መጨረሻ እናቷ ሞተች። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሪዮ አብሯት መኖር ጀመረ። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው ግን የወንድም ልጅ ወይም የማደጎ ልጅ ተብሎ ነበር የሚተዋወቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ከጎኗ አልተለየም፤ ጸሐፊዋም፣ አስተርጓሚዋም፣ ሥራ አስኪያጇም ሆነ።

እዚህ ጋ እንደ ኢትዮጵያዊ ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። በ1924 ማሪያ ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኘች፣ ድጋፉንም ተቀበለች። ትምህርት ቤቶቿ በመንግሥት ገንዘብ ተስፋፉ። ሙሶሊኒ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የማይታወቅበት ጊዜ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ነው ተቃዋሚው የምክር ቤት አባል ማቴኦቲ የተገደለው። እሷ ፖለቲካ አይመለከተኝም፣ የኔ ጉዳይ ልጆች ናቸው የሚል አቋም ነበራት። እኛ ይሄ ሰበብ ነው ብለን ነው የምናስበው። አሥር ዓመት ያህል አብረው ተጓዙ። አገዛዙ ልጆቹ ላይ የራሱን ዩኒፎርምና ሰላምታ ሲጭን ግን አልሆነም፤ በ1934 ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ፣ እሷም ከጣሊያን ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ናዚዎችም ጀርመን ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶቿን ዘግተው ነበር። ባርሴሎና ተቀመጠች፤ በ1936 የስፔን ጦርነት ከዚያም አስወጣትና ኔዘርላንድ ገባች።

በ1939 መምህራን ለማሠልጠን ከማሪዮ ጋር ሕንድ ሄደች። ጥቂት ወር ለመቆየት ነበር ሐሳቧ። በ1940 ጣሊያን ጦርነት ስትገባ እንግሊዞች ጣሊያናውያንን እንደ ጠላት ያዙ፤ ማሪዮ እስር ገባ፣ እሷም ከምትኖርበት ግቢ እንዳትወጣ ተደረገች። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ሰባ ዓመት ሞላት። የሕንዱ እንግሊዛዊ እንደራሴ የልደት ቴሌግራም ላከላት፤ ምን ስጦታ እንደሚሰጧት ሲያስቡ ቆይተው ልጇን ሊመልሱላት እንደወሰኑ የሚገልጽ ነው። ልጇን ነው ያለው፣ የወንድሟን ልጅ አይደለም። አርባ ሁለት ዓመት ተደብቆ የኖረ ነገር በአንድ የመንግሥት ቴሌግራም ተጻፈ። ማሪያም አላስተባበለችም።

ሕንድ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ መምህራን አሠለጠነች፣ በ1946 ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ለኖቤል የሰላም ሽልማት ሦስት ጊዜ ታጨች፤ አልተሰጣትም። ሜይ 6 ቀን 1952 ኔዘርላንድ ውስጥ ኖርድዋይክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በ81 ዓመቷ አረፈች። የሕይወት ታሪኳን የጻፉ እንደሚሉት በዚያ ቀን ወደ አፍሪካ ሄዳ መምህራን ስለማሠልጠን ከማሪዮ ጋር እየተነጋገረች ነበር። እሱ ደሞ በዚህ ዕድሜሽ እንዴት ብሎ ሊያስቀራት እየሞከረ ነበር። የተቀበረችው እዚያው ነው። ማሪዮ እሷ ያቋቋመችውን ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1982 እስኪሞት ድረስ መራ።